«አነተ ገበየ ሀደቸ»፦ መጻፍ የሚከብዳቸውን ልጆች ስለማስተማር

ርዕሱ ላይ ያሉትን ሦስት ቃላት የጻፈው አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪዬ ነው። ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብላ በምትገኝ አንዲት የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ሰኞ ጠዋት «ቅዳሜ ቤታችሁ ምን ተሠራ? ጻፉልኝ» አልኳቸው። ልጁ ክፍለ ጊዜውን ሙሉ እርሳሱን ሲነክስ፣ ሲጽፍ፣ ሲያጠፋ ቆየ። ወረቀቱ በላጲስ ብዛት ሊቀደድ ደርሷል። በመጨረሻ ያስረከበኝ እነዚህን ሦስት ቃላት ነው።

ኤክስ አደረግኩበት። በቀይ።

ማታ ቤት ስገባ ግን ነገሩ አልለቀቀኝም። ጮክ ብዬ አነበብኩት። አነተ፣ ገበየ፣ ሀደቸ። እናቴ ገበያ ሄደች! ልጁ ዘጠኝ ፊደል ጽፏል። ዘጠኙም በየቦታቸው ናቸው። የተዘለለ የለም፤ ቦታ የተቀያየረ የለም። እንዲያውም ገ፣ በ እና ደ ምንም አልጎደላቸውም። የቀሩት ስድስቱም ዘራቸው ልክ ነው። ልጁ የሰማውን ድምፅ ሁሉ በግዕዙ ጻፈው እንጂ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ የሚባለው ገና እጁ አልገባም።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ። ግሱን መጨረሻ ላይ አስቀምጦታል። የሄደችው ሴት መሆኗንም በመጨረሻዋ ፊደል ነግሮኛል። ሐሳቡ ሙሉ ነው። የእኔ ቀይ ኤክስ ግን ፊደሉንም ሐሳቡንም አንድ ላይ ነው የሰረዘው። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ተማሪ አስተምሬያለሁ፤ ብዙም አንብቤያለሁ። ለመምህራንና ለወላጆች የማካፍለው ነገር በአብዛኛው ከዚያች ወረቀት የጀመረ ነው።

ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ

መጻፍ አንድ ችሎታ ይመስለናል። ሲፈታ ግን ሁለት ትልልቅ ሥራ ነው። አንደኛው የእጅ ሥራ ልንለው የምንችለው ነው። ፊደሉን ማስታወስ፣ ቅርጹን ማውጣት፣ መስመር መጠበቅ፣ በቃልና በቃል መካከል ቦታ መተው፣ አራት ነጥብ ማድረግ። ሁለተኛው የሐሳብ ሥራ ነው። ምን ልበል? በየቱ ልጀምር? ያነበበው ሰው ይገባው ይሆን?

ችግሩ ሁለቱ በአንድ ጊዜ መምጣታቸው ነው። አእምሯችን ለአፍታ ይዞ ሊሠራበት የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። አዋቂ ሰው እንኳ በአንድ ጊዜ አራት ያህል ነገር ቢይዝ ነው። እኔና እናንተ ስንጽፍ «ቴ» እንዴት ትጻፍ ነበር ብለን አናስብም፤ እጃችን ራሱ ያውቀዋል። ስለዚህ አእምሯችን ለሐሳቡ ነፃ ነው። ለዚያ ልጅ ግን እያንዳንዱ ፊደል ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። «ቴ»ን ሲያስብ «ገበያ» ይጠፋዋል። «ገበያ»ን ሲመልስ እናቱ ምን ልትሸጥ እንደሄደች ይረሳል።

እንስራ ሙሉ ውሃ አዝላ ዳገት የምትወጣ ልጅ አስቡ። መንገድ ላይ አቁማችሁ «እንቆቅልህ» ብትሏት መልሱ ሊጠፋባት ይችላል። እንቆቅልሹን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ትንፋሿ ያለው እንስራው ላይ ነው። እንስራውን አውርዳ ብትጠየቅ ወዲያው ትመልሳለች።

ስለዚህ ልጅ መጻፍ ሲያቅተው የመጀመሪያው ጥያቄ «ሰነፍ ነው ወይስ ጎበዝ?» መሆን የለበትም። የከበደው የትኛው ሥራ ነው? ይህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ልጁን ወደ ጎን ጠራ አድርጋችሁ «እስቲ በአፍህ ንገረኝ» በሉት። ታሪኩን አሳምሮ ከነገራችሁ የከበደው የእጁ ሥራ ነው። በአፉም ካልሆነለት ደግሞ የሚፈልገው እርዳታ ሌላ ነው፤ ነገሩን ማደራጀት፣ ቃል ማግኘት፣ ወይም ቋንቋውን ራሱን መማር። እኔ ያንን ልጅ በማግስቱ ጠየቅኩት። እናቱ ድንች ይዛ እንደሄደች፣ ዝናብ እንደያዛት፣ ደብተር ገዝታለት እንደመጣች ሳያቋርጥ ነገረኝ።

ቅኔ ቤቱ ድሮ ያወቀው

ይህን ሁለቱን ሥራ የመለየት ነገር ከውጭ የመጣ አዲስ ዘዴ አድርገው የሚያዩት አሉ። ጎጃም ውስጥ ሆኖ እንዲህ ማለት ግን ይከብዳል። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማ ጊዮርጊስን የመሳሰሉ የቅኔ ቤቶችን ያየ ሰው ያውቀዋል።

የቅኔ ተማሪ ቅኔውን ሲቆጥር፣ ማለትም ሲደርስ፣ ብዕር አይዝም። ደበሎውን ደርቦ ጸጥ ያለ ቦታ ይፈልጋል። በሐሳቡ ያወርዳል፣ ያወጣል፣ ቃል ይለውጣል፣ ቤቱን ይመታል። ከዚያ የኔታ ዘንድ ቀርቦ በቃሉ ይነግራል። የኔታ እዚያው ያርሙታል። ድርሰቱ ተጀምሮ እስኪያልቅ ከፊደል ጋር አይገናኝም። በዓለም ላይ ካሉ ረቂቅ የድርሰት ዓይነቶች አንዱ በዚህ መንገድ ነው ከትውልድ ትውልድ የተላለፈው። በዚያ ቤት ዓይነ ስውር ሊቃውንትም ብርቅ አይደሉም። ፊደል ማየት አለመቻላቸው ከመድረስም ከማስተማርም አላገዳቸውም።

ሌላው ደግሞ ደረጃው ነው። ጀማሪ ተማሪ መወድስ አይታዘዝም። መጀመሪያ ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሦስት ቤት። እያለ እያለ ስምንት ቤት ካለው መወድስ ይደርሳል። መምህሩም ዝም ብለው አያዙም። ራሳቸው ቅኔ እየዘረፉ፣ እዚያው ከአፋቸው እያፈለቁ፣ ያሳያሉ፤ ተማሪው የሚሰማው የሊቅ ሥራ ሲሠራ ነው።

እኛ በዘመናዊው ክፍል ምን እናደርጋለን? «ስለ ገና በዓል አንድ ገጽ ጻፉ» ብለን ወንበራችን ላይ እንቀመጣለን። ከጉባኤ ቃና በፊት መወድስ ማዘዝ ማለት ይህ ነው።

ካረን ሃሪስ እና ስቲቭ ግራሃም የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለይ የመማር ችግር ላለባቸው ልጆች የሚሆን የጽሑፍ ማስተማሪያ መንገድ ሠርተዋል። በብዙ አገር ተሞክሮ ጥሩ ውጤት ያሳየ ነው። ልቡ ቀላል ነው። መምህሩ በመጀመሪያ ልጆቹ ፊት ቆሞ፣ የሚያስበውን ሁሉ ጮክ ብሎ እየተናገረ ይጽፋል። ከዚያ አብረው ይጽፋሉ። ከዚያ ልጁ ብቻውን። ልጁ ሲቸገር ለራሱ የሚለውን ቃል ሳይቀር ይማራል።

እኔ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ነው የማደርገው። ጠመኔ ይዤ እናገራለሁ። «ስለ ገበያ ልጽፍ ነው። ማን ሄደ? እናቴ። እሺ፣ ‹እናቴ› ብዬ ልጀምር። ምን ይዛ ነው የሄደችው? ድንች። ድ... ን... ች። መሐል ላይ ን አለች፤ እንዳልረሳት። አሁን ምን ልበል? ጠፋብኝ። ቆይ፣ መጀመሪያ የጻፍኩትን ላንብበው።» ልጆቹ መምህር ሲጠፋበት ማየታቸው ይገርማቸዋል። ጎበዝ ሰው ሁሉ በአንድ ትንፋሽ የሚጽፍ ነበር የሚመስላቸው።

የፊደላችን ጠባይ

ወደ ዘጠኙ ፊደል ልመለስ። ለመጻፍ ስለሚቸገሩ ልጆች የምናገኘው ምክር አብዛኛው በእንግሊዝኛ ፊደል የተሠራ ነው። የእኛ ፊደል ሌላ ጠባይ አለው።

ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋል። የፊደሉ ብዛት ያስደነግጣል፤ ግን ውስጡ ሥርዓት አለው። ካዕብ ብዙ ጊዜ ቅጥያዋ ከቀኝ ወገብ ላይ ናት፦ ቡ፣ ሱ፣ ቱ። ሣልስ ከቀኝ እግር ሥር፦ ቢ፣ ሲ፣ ቲ። ኃምስ እዚያው ሥር ቀለበት አላት፦ ቤ፣ ሴ፣ ቴ። ለሚቸገር ልጅ 231 ሥዕል በቃል ከማስያዝ ይህን ሥርዓት ማሳየት ብዙ ያቀላል። «ኡ ስትል ወገቧን፣ ኢ ስትል እግሯን» ብዬ በዜማ አስብያቸዋለሁ። ሩ፣ ሪ፣ ፉ፣ ፊን የመሳሰሉት ከሥርዓቱ ያፈነገጡ ናቸው። እነሱን ለብቻ፣ በኋላ።

ሳድስና ሳብዕ ግን እንዲህ አይያዙም። በተለይ ሳድስ ከፊደል ፊደል ቅርጿ ይለያያል፤ አማርኛ ውስጥ ደግሞ ሳትገኝ የምትውልበት ቃል ጥቂት ነው። ስለዚህ ሳድስን በሚወዱት ቃል ውስጥ ማስተማር ይሻላል። ውሻ ላይ ውን፣ ልጅ ላይ ል እና ጅን።

የሚያምታቱም አሉ። ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ከ እና ኸ በትንሽ መስመር ነው የሚለያዩት። በ እና ሰ ለጀማሪ ዓይን ይቀራረባሉ። እነዚህን በአንድ ቀን ጎን ለጎን ባታስተምሩ ጥሩ ነው። አንዷ እጅ ውስጥ ገብታ ስታድር ሌላዋን አምጡ።

ስለ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ስለ ሰ፣ ሠ እና ስለ አ፣ ዐ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ለታችኛው ክፍል፣ በተለይም ለሚቸገር ልጅ፣ «ዓመት»ን «አመት» ብሎ ስለጻፈ ነጥብ መቀነስ አልደግፍም። ዛሬ በአማርኛ ድምፃቸው አንድ ነው። ልጁ የሰማውን በትክክል ጽፏል። ልዩነቱ ከግዕዝ ቋንቋ የመጣ ውድ ቅርስ ነው፤ ልጁ ሲበረታ ይማረዋል።

ምክንያቱ ብዙ ነው

አንድ ዓይነት የሚመስል ስሕተት ከተለያየ ቦታ ሊመጣ ይችላል። ሳያጣሩ «ይህ ልጅ ችግር አለበት» ማለት ደግሞ ልጁን ዕድሜ ልኩን ይከተለዋል።

ከሁሉ በፊት ዓይንና ጆሮ። ከሰሌዳ ሲገለብጥ የሚሳሳት ልጅ ምናልባት አይታየው ይሆናል። ክልላችን ደግሞ ትራኮማ ክፉኛ ካጠቃቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ልጁን ፊት ዴስክ አምጥታችሁ ለሳምንት እዩት። ከጀርባው ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ ስሙን ጥሩት፤ ሁልጊዜ የማይዞር ከሆነ ወላጆቹ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ከዚያ የቀረበትን ትምህርት አስቡ። በ2012 በኮሮና ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት ብዙ የጎጃም ልጅ ከትምህርት ገበታው ውጭ ከርሟል። የ11 ዓመት ልጅ የሁለተኛ ክፍል ፊደል ቢከብደው አእምሮው ሳይሆን የጎደለው ዓመቱ ነው። አንዳንዱ ያየው ነገር ራሱ እንቅልፍ ይነሳዋል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ያስፈራህን ነገር ጻፍ» ብላችሁ አታስገድዱት። ስለ በጉ ይጻፍ፣ ስለ ገና ጨዋታው ይጻፍ።

ቋንቋም አለ። ከእንጅባራ ወይም ከዳንግላ ዙሪያ የሚመጣ ልጅ አፉን የፈታው በአዊኛ ሊሆን ይችላል። አዊኛ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ሴማዊ። በአማርኛ ሲጽፍ የሚሠራው ስሕተት የሁለተኛ ቋንቋ ስሕተት ነው፤ የመማር ችግር ምልክት ተደርጎ መቆጠር የለበትም። መጀመሪያ በአዊኛ ይንገራችሁ፤ ቋንቋውን የሚችል ጓደኛው ይርዳው።

በግራው የሚጽፍ ልጅም ወደ ቀኝ አይገደድ። እጁ የጻፈውን እንዳይሸፍንበት የደብተሩን የላይኛውን ግራ ጫፍ ከፍ አድርጎ ያዘንብል፤ ዴስኩ ላይም በግራ ጫፍ ይቀመጥ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ፣ በቂ ትምህርት አግኝቶ፣ አሁንም ፊደልና ድምፅን ማገናኘት እጅግ የሚከብደው ልጅ ይኖራል። ይህ ዲስሌክሲያ የሚባለው ሊሆን ይችላል። የማሰብ ችሎታ ማነስ አይደለም። የዓይን በሽታም አይደለም። ድምፁን እያወቀ እጁ ፊደሉን ማውጣት የሚያቅተው ደግሞ አለ፤ ዲስግራፊያ ይሉታል። ስሙን መስጠት የባለሙያ ሥራ ነው። እኛ መምህራን ስሙን ሳንጠብቅ መርዳት እንችላለን።

ሁለት የተለዩ መንገዶች

ዓይነ ስውር ተማሪ በብሬል ይጽፋል። ሉዊ ብሬል የተባለ ፈረንሳዊ ወጣት በ1824 እ.ኤ.አ. የፈጠረው ባለ ስድስት ነጥብ ጽሕፈት ነው። በስሌት (ወረቀቱን በሚይዘው ባለ ቀዳዳ ሰሌዳ) እና በስታይለስ (በመውጊያው) ሲጻፍ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ወረቀቱ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ጎልተው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ነው የሚጻፉት። «ቡ» ለመጻፍ አንድ ምልክት ለብ፣ አንድ ምልክት ለኡ። ይህን ሳውቅ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። የእሱ ችግር በትክክል እዚህ ላይ ነበር፤ የአ እና የኤ ድምፅ ከፊደሉ ተለይቶ አልታየውም። ዓይናማዎቹንም «ብ ሲደመር ኡ» እያስባልኩ ማስተማር የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው።

መስማት የተሳነው ልጅ ጉዳይ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜም ያለፍርዱ የሚፈረድበት እሱ ነው። የምልክት ቋንቋ የራሱ ሰዋስው አለው። ለዚህ ልጅ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ያውም ሰምቶት የማያውቀው። «አልነገረችኝም» የሚለውን ቃል ውሰዱ። አለመሆኑ፣ ድርጊቱ፣ ያደረገችው፣ የተደረገበት ሁሉ በአንድ ቃል ውስጥ ነው። ሰሚ ልጅ ይህን ከእናቱ አፍ ለቅሞታል። መስማት የተሳነው ልጅ ግን የሚያገኘው በዓይኑ ብቻ ነው። ስለዚህ ቃሉን ሰሌዳ ላይ ቆራርጡለት። አል፣ ነገረ፣ ች፣ ኝ፣ ም። እያንዳንዷን በተለያየ ቀለም ጠመኔ። «እሷ ነገረ እኔ አይ» ብሎ ቢጽፍ አትደንግጡ። ሐሳቡ አለ፤ የጎደለው የግሱ ልብስ ነው።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ2002 ዓ.ም አጽድቃለች። አካቶ ትምህርት የምንለው፣ አካል ጉዳተኛውን ልጅ ከሌሎች ልጆች ጋር አብሮ ማስተማር፣ ግዴታችን ነው። ለወላጆች ይህን የምለው ትምህርት ቤት ሄደው ሲጠይቁ ልመና እንዳይመስላቸው ነው።

ስድሳ ልጅ ባለበት ክፍል

«ይህ ሁሉ ለስድሳ ተማሪ እንዴት ይሆናል?» የሚለኝ መምህር አለ። እውነቱን ነው፣ ይከብዳል። ግን አብዛኛው ነገር ለሁሉም በአንድ ጊዜ የሚሆን ነው።

ከመጻፍ በፊት ሁለት ሁለት ሆነው ለአምስት ደቂቃ ይነጋገሩ። ይህ ምንም አያስወጣም፤ የቅኔ ነገራው ታናሽ ወንድም ነው። ከዚያ የታሪኩን መጀመሪያ፣ መሐልና መጨረሻ በሦስት ትንንሽ ሥዕል ይሣሉ። ሐሳቡ ወረቀት ላይ ስላረፈ ፊደል ሲፈልጉ አይጠፋባቸውም። ሰሌዳው ጥግ ላይ የዕለቱን ቃላት ጻፉ፦ ገበያ፣ ድንች፣ ገዛች። ለሚቸገረው ልጅ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ስጡት፤ «እናቴ ... ሄደች»። ሲለምደው ግማሹን አንሱበት።

እጁ ጨርሶ ለማይታዘዝለት ልጅ ጓደኛው ይጻፍለት። ይህን ማጭበርበር የሚሉ አሉ። የምትፈትኑት ፊደል ከሆነ ልክ ናቸው። የምትፈትኑት ድርሰት ከሆነ ግን ቃሉም ሐሳቡም የልጁ ነው። ቅኔ የሚነግረውን ተማሪ ማንም አጭበረበርክ አይለውም። እርግጥ የእጁን ልምምድ አይተውም፤ በየቀኑ አሥር ደቂቃ፣ በሌላ ሰዓት።

ከሰሌዳ መገልበጥን መጻፍ አድርገን መቁጠራችንን ግን ብንተው። ልጁ አርባ ደቂቃ ሙሉ የማይገባውን ሥዕል ሲሥል ይውላል። ደብተሩ ይሞላል፤ ወላጅ ይደሰታል። ፈተናዎቻችን በአብዛኛው ምርጫ መሆናቸው ደግሞ ነገሩን ሸፍኖታል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ከራሱ ያልጻፈ ልጅ ከክፍል ክፍል ሊያልፍ ይችላል።

እርማት ላይ ሁለት ነገር ቀየርኩ። ነጥቡን ለሁለት ከፈልኩት፤ ለሐሳቡ ለብቻ፣ ለፊደሉ ለብቻ። ከፊደሉ ስሕተት ደግሞ በአንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ብቻ ነው የማርመው። አሥር ቦታ የተቀላ ወረቀት የተሰጠው ልጅ አንዱንም አያየውም።

ያ ልጅ ከእኔ ጋር ዓመቱን ጨረሰ። ሰኔ ላይ ያንኑ ጥያቄ መልሼ ጠየቅኳቸው፤ «ቅዳሜ ቤታችሁ ምን ተሠራ?» ለጓደኛው ነገረ፣ ሦስት ሥዕል ሣለ፣ ከዚያ ጻፈ። የሰጠኝ ይህን ነበር።

«እናቴ ገበያ ሄደች። ድነች ሸጠች። ለኔ ደብተር ገዘች።»

ለሐሳቡ ሙሉ ሰጠሁት። «ድነች» ላይ ነ ሥር በእርሳስ አንዲት ጭረት አደረግኩ፤ እያየኝ በላጲስ አጥፍቶ ን አደረጋት። «ገዘች» ላይ ያለችውን ዘ ምንም አላልኳትም። እሷን ለሰኞ አስቀመጥኳት።